ሕጉን የሚሽረው ማን ነው? የጅማ አንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በዚህ እትም ዓምዱን ለጅማ አንባቢዎቻችን ለቀነዋል። የደረሱን ጥያቄዎች ከሸሪዓ ፍርድ ቤት እስከ ፖሊስ ጣቢያ የተለያዩ ናቸው፤ ዞረው ዞረው ግን የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ሕገ መንግሥቱ ላይ የተጻፈ መብት መዝገብ ተከፍቶበት ሲከራከሩበት ምን ሆነ? የጠያቂዎችን ስም አላወጣንም፤ ረጃጅሞቹን ጥያቄዎችም አሳጥረናል።

ጥያቄ (ከሄርማታ)፦ አባታችን ካረፉ ስምንት ወር ሆናቸው። ታላቅ ወንድሜ የውርሱን ጉዳይ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ከፍቶ መጥሪያ ላከልኝ። እኔ በመደበኛው ፍርድ ቤት እንዲታይልኝ እፈልጋለሁ፤ ግን ሃይማኖቴን እንደ መካድ እንዳይቆጠርብኝ ፈራሁ። ዝም ብዬ ብቀርስ?

መልስ፦ መቅረቱን ይተዉት፤ ከሁሉም የከፋው እሱ ነው። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረው አዋጅ ቁጥር 188/1992 መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ተከሳሽ በዚያ ፍርድ ቤት ለመዳኘት እንደፈቀደ ይቆጥረዋል። እናንተ ዘንድ የሚሠራው የኦሮሚያ ክልል የራሱ አዋጅ ነው፤ ቢሆንም በዝምታ መቅረት ፈቃድ ተብሎ የመተርጎም አደጋው አይቀንስም።

መደበኛ ፍርድ ቤት መምረጥ ከሃይማኖት ጋር አይገናኝም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34(5) የግልና የቤተሰብ ክርክሮች በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ ሊታዩ የሚችሉት በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ነው ይላል። «በተከራካሪዎቹ» የሚለው ቃል ሁለታችሁንም ይይዛል፤ የወንድምዎ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም።

ይህ አንቀጽ በወረቀት ብቻ አልቀረም። በሕግ ትምህርት ቤቶች በባለጉዳይዋ ስም የሚጠራ አንድ የአዲስ አበባ መዝገብ አለ። እንደ እርስዎ ጉዳይ ውርስ ነበር። ሴትዮዋ በሸሪዓ ፍርድ ቤቱ ለመዳኘት እንደማትፈቅድ ተናገረች፤ ፍርድ ቤቱ ግን ክርክሩን ቀጥሎ ፈረደ። በሸሪዓ ይግባኝ ሰሚዎቹ አለፈ፤ የመጨረሻ ፍርድ ላይ የሕግ ስህተት የሚያርመው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎትም አጸናው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ሰበር ካለቀ በኋላ ምን አለ?» ብሎ ይተወዋል። እሷ ወደ ሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ሄደች፤ በ1996 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ያለ ፈቃዷ የተሰጠው ፍርድ አንቀጽ 34(5)ን ይጥሳል ብሎ ሁሉንም ውሳኔዎች ውድቅ አደረገ። ጉዳዩን ያቆመላት ተቃውሞዋን ገና ከጅምሩ ማስመዝገቧ ነው። ከፍርድ በኋላ ቢሆን ኖሮ ያሰበችው ማን ይሰማት ነበር?

ስለዚህ በመጥሪያው ቀን ይቅረቡ። በእጅዎ አንድ ገጽ የማይሞላ የጽሑፍ መቃወሚያ ይኑር፤ በአፋን ኦሮሞ ቢጻፍ መዝገብ ቤቱ ላይ አይጉላሉም። ፍሬ ነገሩ ይህን ያህል ነው፦ «በዚህ ፍርድ ቤት ለመዳኘት ፈቃደኛ አይደለሁም። ይህን የምለው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34(5) መሠረት ነው። መዝገቡ ተዘግቶ ከሳሽ በመደበኛው ፍርድ ቤት እንዲጠይቅ ይታዘዝልኝ።» ሌላ ምንም አይጨምሩበት። ራፖር ጸሐፊዎች ወረቀት መሙላት ስለሚወዱ «ቤቱን ያሠራሁት እኔ ነኝ፣ ወንድሜ አባቴን አልጦረም» የሚል አንቀጽ ያክሉበታል። ያ አንቀጽ የፍሬ ነገር ክርክር ነው፤ ወደ ክርክሩ ገብተዋልና ፈቅደዋል የሚባልበትን በር ራስዎ ከፈቱ ማለት ነው።

በሦስት ቅጂ ያዘጋጁት፦ ለመዝገብ ቤቱ፣ ለወንድምዎ፣ እና የገቢ ማኅተም ተመቶበት ከእርስዎ ጋር የሚቀር። ዳኛው ሲጠይቁዎትም ያንኑ በቃል ይድገሙና የዕለቱን ትዕዛዝ ግልባጭ ይጠይቁ። ግልባጩ ላይ ተቃውሞዎ ካልሰፈረ በዚያው ቀን እንዲስተካከል ያመልክቱ፤ ወር ቆይቶ «ተናግሬ ነበር» ማለት ማስረጃ አይሆንም።

ወንድምዎ የወራሽነት ማስረጃ ቀድሞ አውጥቶ ከሆነ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 998 እንዲሰረዝ መጠየቅ ይቻላል። ንብረቱን በእጁ ካደረገ ደግሞ ሰዓቱ መቁጠር ጀምሯል። አንቀጽ 1000 መብትዎንና የንብረቱን መያዝ ካወቁ በኋላ የሚሰጥዎት ሦስት ዓመት ብቻ ነው። በሽምግልና እየተመላለሱ ይህ ጊዜ ያለፈባቸው እህቶች ብዙ ናቸው። ሽምግልናው ይቀጥል፤ መዝገቡም ጎን ለጎን ይከፈት።

ጥያቄ (ከጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ የሁለተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ)፦ በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕግ ይሽራል። እኛ አገር ይህን የሚያደርገው ማን ነው? አድርጎስ ያውቃል?

መልስ፦ የአሜሪካው ሕገ መንግሥት ራሱ «ፍርድ ቤት ሕግ ይሽር» የሚል ግልጽ አንቀጽ የለውም። ሥልጣኑን ያጸናው ዋና ዳኛ ጆን ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1803 ማርበሪ በማዲሰን ላይ ባቀረበው ክስ የሰጠው ውሳኔ ነው። የሚገርመው ማርበሪ የጠየቀውን ሹመት አላገኘም፤ ፍርድ ቤቱ ግን በዚያው መዝገብ የምክር ቤትን ሕግ የመሻር ሥልጣን ይዞ ወጣ።

የእኛ ሕገ መንግሥት ሌላ መንገድ መረጠ፤ ያንንም በግልጽ ጻፈው። በአንቀጽ 62 እና 83 መሠረት ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ምክንያቱ መግቢያው ላይ አለ፦ «እኛ የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦች»። ቃል ኪዳኑ የእነሱ ከሆነ ተርጓሚው የእነሱ ተወካዮች የሚቀመጡበት ቤት ይሁን ተባለ። ሕጉን የሚመረምርለት 11 አባላት ያሉት አጣሪ ጉባኤ ነው፤ ሰብሳቢው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት፣ ምክትሉ ምክትል ፕሬዚዳንቱ፣ ስድስቱ የሕግ ባለሙያዎች፣ ሦስቱ የምክር ቤቱ አባላት ናቸው። ጉባኤው ትርጉም አያስፈልገውም ብሎ ሊዘጋ ይችላል፤ ያስፈልገዋል ካለ ግን የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል እንጂ የመጨረሻውን ቃል አይናገርም። የመጨረሻው ቃል የምክር ቤቱ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ ለዚህ የሰጠው 30 ቀን ነው።

ሽሮ ያውቃል ወይ ላልከው፣ አዎ። በሙስና የተከሰሱት የቀድሞው የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር መላኩ ፈንታ ማዕረጋቸው የሚኒስትር ነበር። በአዋጅ ቁጥር 25/1988 የእንዲህ ያለ ባለሥልጣን ጉዳይ በቀጥታ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ይታይ ነበር። ይህ ክብር ይምሰል እንጂ ከዚያ በላይ ይግባኝ የሚባልበት ፍርድ ቤት የለም። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ጥያቄውን ወደ አጣሪ ጉባኤ ላከው፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም በ2006 ዓ.ም. ድንጋጌው የይግባኝ መብትን (አንቀጽ 20(6)) እና እኩልነትን (አንቀጽ 25) ይጋፋል ብሎ ጉዳዩ በከፍተኛው ፍርድ ቤት እንዲታይ ወሰነ። ፈተና ላይ «ምክር ቤቱ ሕግ ሽሮ ያውቃል?» ተብለህ ስትጠየቅ ይህን ጥቀስ።

የመንግሥትን ሥልጣን የነካው ሲመጣ ታሪኩ ይለወጣል። ከግንቦት 7 ቀን 1997ቱ ምርጫ ማግስት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በአዲስ አበባ ሰላማዊ ሰልፍ ለአንድ ወር ከለከሉ። የተቃዋሚ ፓርቲዎች ጥምረት የነበረው ቅንጅት በፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ ራሱ ከመወሰን ይልቅ ጥያቄውን ለአጣሪ ጉባኤው መራው፤ ጉባኤውም ክልከላው ሕገ መንግሥቱን አይቃረንም አለ። በእኛ እይታ የዚያ መዝገብ ትልቁ ጉዳት ውጤቱ አይደለም። ዳኞች የአስፈጻሚውን ትዕዛዝ ራሳቸው ከመመርመር ይልቅ ወደ ላይ መምራትን ልማድ ማድረጋቸው ነው። አንቀጽ 13 ፍርድ ቤቶችም የመብቶችን ምዕራፍ የማክበርና የማስከበር ኃላፊነት አለባቸው ይላል፤ ያ ኃላፊነት በመምራት ብቻ አይወጣም። አሁን ቢያንስ የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች መመሪያና ውሳኔ በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚከለስበትን መንገድ ከፍቷል። የክልል መሥሪያ ቤቶች ግን በዚህ አዋጅ ሥር አይወድቁም።

የ2012ቱን የምርጫ መራዘም ታስታውሳለህ። በኮቪድ ምክንያት ምርጫው ሲቀር አጣሪ ጉባኤው በአንቀጽ 54፣ 58 እና 93 ላይ ባለሙያዎችን በቴሌቪዥን በቀጥታ ሲተላለፍ ሰማ፤ ሰኔ 3 ቀን 2012 የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ114 ድጋፍ፣ በ4 ተቃውሞና በ1 ድምፀ ተዓቅቦ የመንግሥቱን የሥልጣን ዘመን አራዘመ። አፈ ጉባኤዋ ኬሪያ ኢብራሂም ከሁለት ቀን በፊት ሥልጣናቸውን ለቀው ነበር። ፖለቲካዊ ቤት ፖለቲካዊ ጥያቄ ሲዳኝ ምን እንደሚመስል ለማየት ከዚህ የተሻለ የጥናት ርዕስ አታገኝም።

ጥያቄ (ከጅሬን)፦ ልጄ ስትሞት የሁለት ዓመት ልጇን ይዤ ቀረሁ። አሁን አሥር ሞላው። እስከ ዛሬ ዞር ብሎ ያላየው አባት «ሕጉ ልጄን ይሰጠኛል» ብሎ ከሰሰኝ።

መልስ፦ እናታችን፣ ሕጉ ከወላጆች አንዱ ሲሞት የቀረው ሞግዚት ይሆናል ይላል፤ አባትየው የያዘው ይህን ነው። እርስዎ የሚይዙት ደግሞ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 ጥቅምት 26 ቀን 2000 የሰጠውን ውሳኔ ነው። በዚያ ጉዳይ ልጁን ያሳደገችው አክስት ነበረች፤ የክልሉ ፍርድ ቤቶች ለአባት ፈረዱ፤ ሰበር ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36(2)ና በሕፃናት መብቶች ስምምነት መሠረት የሚቀድመው የልጁ ጥቅም ነው ብሎ ሻረው። ከአምስት ያላነሱ ዳኞች የተሰየሙበት የሰበር ሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ የፌዴራልም የክልልም ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። ጅማ ላይ ያለው ዳኛም ሊያልፈው አይችልም።

መልስዎ ላይ የመዝገብ ቁጥሩንና ቀኑን ይጻፉ፤ የውሳኔውን ቅጂ ከሰበር ውሳኔዎች ቅጽ 5 አውጥተው ያያይዙ። «ሰበር እንዲህ ብሏል» ብቻ ማለት አይጠቅምም። ከዚያ ማስረጃ፦ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ ወላጅ ተብሎ የፈረመው ማን ነው? የክትባት ካርዱ ላይ የማን ስም አለ? ሲታመም ያስታመመው ማን ነው? ሁለት ጎረቤት ምስክር ይበቃል፤ ስምንት ሰው መደርደር ችሎቱን ከማሰልቸት አያልፍም። የአሥር ዓመት ልጅ የሚለውንም ፍርድ ቤቱ እንዲሰማ ይጠይቁ። አባትየውን መስደብ ግን ይቅር። ስድብ የልጁን ጥቅም አያስረዳም፤ ውሳኔው ደግሞ የሚያርፈው በዚሁ ጥቅም ላይ ነው።

ጥያቄ (ከቦቼ ቦሬ)፦ ተከስሼ ችሎቱ በአፋን ኦሮሞ ነው የሚካሄደው፤ በደንብ አልሰማም። በአማርኛ ይሁንልኝ ማለት እችላለሁ?

መልስ፦ ችሎቱ በአማርኛ ይሁን ማለት አይችሉም፤ አስተርጓሚ ይመደብልኝ ማለት ግን መብትዎ ነው። አንቀጽ 5 ክልሎች የሥራ ቋንቋቸውን በሕግ እንዲወስኑ ይፈቅዳል፤ አንቀጽ 20(7) ደግሞ የችሎቱን ቋንቋ የማይረዳ ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ ክርክሩ እንዲተረጎምለት መብት ይሰጠዋል። የሚጠየቀው ክሱ ከመነበቡ በፊት ነው። አንዱ ጎረቤት ጆሮዎ ላይ እያንሾካሾከ ካለፉት ቆይቶ መቃወም ይከብዳል።

ቋንቋ የሕገ መንግሥት ክርክር ሆኖም ያውቃል። በ1992ቱ ምርጫ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የአካባቢውን ብሔረሰብ ቋንቋ አያውቁም የተባሉ ዕጩዎች ተሰረዙ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ1995 ዓ.ም. ከዕጩ ሊጠየቅ የሚገባው የክልሉን የሥራ ቋንቋ ማወቅ ነው አለ፤ እዚያ የሥራ ቋንቋው አማርኛ ነው። ይኸው አመክንዮ ኦሮሚያ ውስጥ አፋን ኦሮሞን እንደሚያስቀድም ልብ ይበሉ።

ጥያቄ (ከአጂፕ፣ የባጃጅ ሹፌር)፦ ወንድሜ ማክሰኞ ማታ 2 ሰዓት ላይ ተያዘ፤ ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ፍርድ ቤት አልቀረበም። ፊልም ላይ «ዝም የማለት መብት አለህ» ይላሉ። እኛ ጋ አለ?

መልስ፦ አለ። የፊልሙ ቃል የመጣው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1966 በሚራንዳ መዝገብ ከሰጠው ውሳኔ ነው። እኛ ጋ በቀጥታ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ተጽፏል፦ አንቀጽ 19(2) የተያዘ ሰው ላለመናገር መብት እንዳለውና የሚሰጠው ቃል ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት እንደሚችል ሊነገረው ይገባል፤ 19(5) ደግሞ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት የለውም ይላል። ወንድምህ ያልተነበበለትን ቃል አይፈርም።

አሁን ሰዓቱን ቁጠር። አንቀጽ 19(3) በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ በዚህ ውስጥ የማይቆጠረው ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት የሚያስፈልገው ምክንያታዊ የመንገድ ጊዜ ብቻ ነው። ማክሰኞ ማታ 2 ሰዓት የተያዘ ሰው ሐሙስ ማታ 2 ሰዓት ላይ ጊዜው አልፏል። ጣቢያው ከፍርድ ቤቱ ጋር አንድ ከተማ ውስጥ ስለሆነ የመንገድ ሰበብ አይሠራም። አንቀጹ ቅዳሜና እሑድን ለይቶ አያወጣም።

መንገዱ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ነው፤ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 177 እስከ 179 አለ። የሚቀርበው ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው፤ ለአንተ ይህ የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ያሠረው የፌዴራል ፖሊስ ቢሆንም የክልሉ ፍርድ ቤቶች የፌዴራሉን ሥልጣን በውክልና ይሠሩበታልና ወደ አዲስ አበባ አትሩጥ። እሱ መፈረም ካልቻለ አንተ በቃለ መሐላ አስደግፈህ ማቅረብ ትችላለህ። አቤቱታው ላይ ሙሉ ስሙ፣ የተያዘበት ቀንና ሰዓት፣ የት እንደተያዘና አሁን የት ጣቢያ እንዳለ፣ ሲያዝ ያዩ ሰዎች ስም ይስፈር። «በፖሊስ ተይዟል» ብሎ ጣቢያውን ሳይጠቅስ የቀረበ አቤቱታ መጥሪያው ለማን እንደሚደርስ ስለማይታወቅ ቀጠሮ ብቻ ያተርፋል። ልታስገባ ስትሄድ ጠዋት ስንቅ ያደረሰው ሰው ዛሬም እዚያው እንዳየው አረጋግጥ፤ ሰው በሌሊት ጣቢያ ይቀየራል።

ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው፦ አቤቱታው ሲገባ ፖሊስ ቀድሞ እሥረኛውን ፍርድ ቤት አቅርቦ ጊዜ ቀጠሮ (ለምርመራ አሥሮ የሚያቆይበት ተጨማሪ ጊዜ) ያስፈቅዳል። ከዚያ በኋላ እሥሩ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ነውና አቤቱታው ኃይል ያጣል። ያኔ ክርክርህን ቀይር፤ የጊዜ ቀጠሮውን ተቃወም፣ ዋስትና ጠይቅ። በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንድ ጊዜ የሚፈቀደው ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም። ፖሊስ «ምስክር አልተሰማም» ካለ ባለፈው ቀጠሮ ስንት እንደሰማ ይጠየቅ። ዋስትና ከተከለከለ በ20 ቀን ውስጥ ለይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ማመልከት ይቻላል።

ዋስትና የፍርድ ቤትና የመንግሥት ትግል የታየበት ቦታ ነው። በ1993 ዓ.ም. በሙስና የተጠረጠሩት የቀድሞው መከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃን ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ ለቀቋቸው፤ ወዲያው ተመልሰው ተያዙ፤ ሕጉም ተሻሽሎ በሙስና ለተጠረጠረ ሰው ዋስትና ተዘጋ። አንቀጽ 19(6) «በሕግ በተደነገጉ ልዩ ሁኔታዎች» ዋስትና ሊከለከል ይችላል ስለሚል የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በዚያች ሐረግ ገባ። በኋላ አዋጅ ቁጥር 434/1997 ክልከላውን ከ10 ዓመት በላይ በሚያስቀጡ የሙስና ወንጀሎች ወሰነው።

ጥያቄ (ከፈረንጅ አራዳ)፦ በሰበር ተሸነፍኩ። ወደ አጣሪ ጉባኤ ልሂድ?

መልስ፦ ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብነው። ስድስት ገጽ ሙሉ ምስክሮቹ እንዴት እንደዋሹ ይዘረዝራል፤ የሕገ መንግሥት አንቀጽ ግን አንድም አልተጠቀሰም። በዚህ መልክ ከሄዱ «የሕገ መንግሥት ትርጉም አያስፈልገውም» ተብሎ ይመለሳል፤ አብዛኛው አቤቱታ የሚወድቀውም በዚሁ ነው። ጉባኤው አራተኛ ይግባኝ ሰሚ አይደለም፤ ማስረጃ አይመዝንም።

በአዋጅ ቁጥር 798/2005 መሠረት የሚያስፈልግዎት የመጨረሻ ውሳኔና ያ ውሳኔ ወይም የተመሠረተበት ሕግ የጣሰው ተለይቶ የታወቀ አንቀጽ ነው። አቤቱታዎን በዚህ ይፈትኑት፦ ምስክሮቹ ሁሉ እውነት ተናግረዋል ብንል እንኳ ውሳኔው ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል? አዎ ካሉ በመጀመሪያው ገጽ አንቀጹን፣ በሁለተኛው እንዴት እንደተጣሰ ይጻፉ፤ ከሥር ፍርድ ቤት ጀምሮ የተሰጡትን ውሳኔዎች በሙሉ ያያይዙ። የክልሉ ውሳኔዎች በአፋን ኦሮሞ ስለሆኑ የአማርኛ ትርጉማቸውን ቀድመው ያሠሩ። አቤቱታ ማስገባት ብቻውን አፈጻጸሙን ስለማያግድ ቤቱ እንዳይሸጥብዎ ለአፈጻጸም ችሎቱ ለብቻው ያመልክቱ። የተጣሰው የክልሉ ሕገ መንግሥት ነው የሚሉ ከሆነ ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው፤ ኦሮሚያ የራሱ ሕገ መንግሥት ተርጓሚ ኮሚሽን አለው።